አንድ ፊልም፣ ሁለት ንባብ

ኅዳር ላይ ውጫሌ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የልጅ ጩኸት ነው። ማሽላው አሽቶ ራሱን አዘንብሏል፤ ወፉ ከአምባሰል ግርጌ እየተነሣ ይወርድበታል፤ በየማሳው መሐል ከአጠና የተማገረ ማማ ቆሟል፤ ማማው ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ «ሃይ!» እያለ ይውላል። አጎቴ ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ አሁን የቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር፣ ሰብሳቢ ሆነዋል። እኔ ደሴ ራጅ ክፍል እሠራለሁ። ዘመድ ልጠይቅ ብዬ በሄድሁበት ቀን፣ ገና ቡናው ሳይፈላ፣ ከሁለት መጻሕፍት መሐል አንድ ቡናማ ፖስታ መዝዘው አወጡ። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ይህ ነው።

አጎቴ፦ እስቲ ይህን እዪልኝ። ዓምና ከማማ የወደቀው የጎረቤታችን ልጅ ነው። ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። ቤተሰቡ ፊልሙን እኔ ዘንድ አስቀመጡት፤ እኔም አንቺ እስክትመጪ ጠበቅሁ።

እኔ፦ ወደ መስኮቱ ይምጡ አጎቴ፣ ብርሃን ይፈልጋል። የጎን ፊልም ነው። ያነሣው ሰው ጎበዝ ነው፤ ሰባቱም የአንገት አጥንቶች እስከ ታች ድረስ ወጥተውለታል። ብዙ ጊዜ ትከሻ ይጋርድና የታችኞቹ ይቀራሉ። ያልታየ አጥንት ደግሞ ደኅና ነው ተብሎ አይፈረምበትም።

አጎቴ፦ ሰባት ብቻ ናቸው?

እኔ፦ የእርስዎም ሰባት፣ የልጁም ሰባት፣ የቀጭኔም ሰባት።

አጎቴ፦ ቀጭኔውን ተይውና የእኔን ስሚ። መጀመሪያ የደረስንበት ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ ይህችኑ ፊልም ዐይተው «ሁለተኛው አጥንት በሦስተኛው ላይ ተንሸራቷል» አሉን። እናቱ እዚያው ደጃፍ ላይ ተዘረረች። በነጋታው ደሴ ላይ ሌላ ሐኪም ያችኑ ፊልም ብርሃን ላይ አደረገ፤ ልጁንም ደጋግሞ ዳሰሰና «አብሽሩ፣ ደኅና ነው» አለን። አንድ ፊልም፣ ሁለት ፍርድ! የውጫሌ ሰው ደግሞ አንድ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ሲነበብ ዝም ብሎ አያልፍም።

እኔ፦ አንቀጽ 17 መጣች!

አጎቴ፦ ትምጣ እንጂ! ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ እኛ አገር፣ ይስማ ንጉሥ ላይ፣ ምኒልክና አንቶኔሊ ተዋዋሉ። የአማርኛው ቃል ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ ይቻላቸዋል የሚል ነው። ጣሊያንኛው ግን «ይቻላል»ን ግዴታ አደረገው። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ አድዋ ላይ ተዳኘ። ታዲያ በእኛ ልጅ ፊልም ላይ አንቶኔሊው ማን ነው?

እኔ፦ አንቶኔሊ የለበትም። በውሉ ጊዜ ጽሑፉ ራሱ ሁለት ነበር። ይህ ፊልም አንድ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ያዩትም ያው ነው። እርስዎም ይዩት፤ ሁለተኛው አጥንት ከሦስተኛው ትንሽ ወደፊት ገፋ ብሏል። አይታይዎትም?

አጎቴ፦ ይታየኛል። እኔም ብሆን ወልቋል ነበር የምል።

እኔ፦ በእርስዎ አንገት ላይ ባየው እኔም እደነግጥ ነበር። የመጀመሪያው ሰው የጎልማሳ አንገት ሲያነብ የኖረ ይመስለኛል፤ ያንኑ ንባብ አምጥቶ ልጁ ላይ አደረገው። እስቲ ያን ማሽላ ይመልከቱ። ዘለላው ከብዷል፣ አገዳው እርጥብ ነው። የስድስት ዓመት ልጅም እንደዚያ ነው። ጭንቅላቱ ከአካሉ ጋር ሲተያይ ትልቅ ነው፤ የማጅራቱ ጡንቻ አልጠነከረም፤ አጥንት ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ይሳባል፤ አጥንቶቹ የሚገጥሙበት ፊትም ገና ጋደም ያለ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ ሸርተት ይላል። ጤነኛ ልጅ ራሱን ትንሽ ሲያቀረቅር ሁለተኛው አጥንት በሦስተኛው ላይ ወደፊት ይሄዳል። ካቴልና ፊልትዘር የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1965 ጤነኛ ልጆችን ራጅ አንሥተው ሲያዩ፣ ከስምንት ዓመት በታች ካሉት ግማሽ በሚጠጉት ላይ ይህንኑ አገኙ።

አጎቴ፦ ታዲያ ደኅናው መንሸራተት ከክፉው በምን ይለያል? በእምነት?

እኔ፦ በክር። ቆይ፣ ከነጠላዬ ጫፍ አንዲት ክር ልምዘዝ። ይዩ፤ ከእያንዳንዱ አጥንት በስተኋላ ይህች ነጭ ቅስት አለች፤ ሕብለ ሰረሰሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ የኋላ ግድግዳ ናት። ክሩን ከአንደኛው አጥንት ቅስት እስከ ሦስተኛው እወጥረዋለሁ። እንዲህ። የሁለተኛው ቅስት ክሩን ነካው ወይስ ራቀው?

አጎቴ፦ ነክቶታል። ፀጉር አያስገባም።

እኔ፦ ከክሩ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ቢሆን ኖሮ፣ አጥንቱ ተሰብሮ ፊቱና ኋላው ተለያይቷል ብለን በጠረጠርን። ሊዮናርድ ስዊሹክ የሚባል የልጆች ራጅ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው መለኪያ ነው፤ መስመሩም በስሙ ይጠራል። ደሴ ያያችሁት ሐኪም ፊልሙን ብርሃን ላይ ሲያደርግ በዓይኑ የወጠረው ይህችን ክር ነው።

አጎቴ፦ እስቲ አምጪው፣ እኔም ልወጥረው። ... አዎ። ነክቶታል። ሌላስ እንዲህ የሚያታልል አለ?

እኔ፦ እንዴታ! ሁለተኛው አጥንት ላይ እንደ ጥርስ ወደ ላይ የቆመች ጉጥ አለች፤ ራሳችንን ግራና ቀኝ የምናዞረው በእሷ ላይ ነው። በልጅነት የጉጧ ሥር ገና አጥንት አልሆነም፣ ልም አጥንት ነው፤ ልም አጥንት ደግሞ በራጅ አይወጣም። ስለዚህ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል፤ ላላወቀው ሰው የለየለት ስብራት ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ይገጥማል። በአንደኛው አጥንትና በጉጧ መሐል ያለው ክፍተትም በጎልማሳ ከሦስት ሚሊ ሜትር ካለፈ ያስጠረጥራል፤ በልጅ እስከ አምስት ድረስ ልክ ነው። ልጁ እያለቀሰ ከተነሣ ደግሞ ከአጥንቱ ፊት ያለው ሥጋ አብጦ ይወጣል። እንግዲህ መፍራቱ ብቻ በሽታ መስሎ ይታያል ማለት ነው።

አጎቴ፦ ይሁን። ክሩን ተቀብያለሁ። አንድ ቂም ግን አለኝ። ያ የደሴው ሐኪም «ሲቲ ስካን ይነሣልን» ስንለው እምቢ አለ። አባትየው በግ ሸጦ ገንዘቡን በእጁ ይዞ ነበር። የገጠር ሰው ናቸው ብሎ ናቀን እያልን አኩርፈን ወጣን።

እኔ፦ ንቀት አይመስለኝም። ሲቲ በዚያው በራጅ ጨረር ነው የሚሠራ፤ አንገቱን ዙሪያውን አንሥቶ ኮምፒውተሩ እንደ ድፎ ዳቦ ቆርሶ ቆርሶ ያሳያል። ለአጥንት እሱን የሚያህል የለም። ዋጋው ግን ከበጉ በላይ ነው። ጨረሩ ከተራው ራጅ ብዙ እጥፍ ነው፤ ከጉሮሮ ፊት ያለው ታይሮይድ ዕጢም እዚያው ጨረሩ መሐል ነው። የልጅ አካል በማደግ ላይ ስለሆነ ጨረር ይበልጥ ይጎዳዋል። ጨረር የሚያመጣው ካንሰር ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የሚመጣ፤ ልጁ ያን ሁሉ ዓመት ይኖራል።

አጎቴ፦ እኔ ግን እስኪመጣ ስለማልቆይ ብነሣ ግድ የለም በይኛ!

እኔ፦ ኧረ አላልሁም! ብቻ ለእርስዎና ለእሱ ስሌቱ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ 18 ሆስፒታሎች አንድ ላይ የሠሩት ጥናት ታትሟል። አደጋ ደርሶባቸው የመጡ 22,430 ልጆች ታዩ፤ አንገታቸው ተጎድቶ የተገኘው 433 ናቸው፤ ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ከዚያ በመነሣት ማሽን ከመንካት በፊት ልጁን አይቶ፣ ጠይቆ፣ ዳሶ የሚለይ ደንብ አወጡ። ልጁ ራሱን ስቶ ምንም የማይመልስ ከሆነ፣ አተነፋፈሱ ወይም የደም ዝውውሩ ከታወከ፣ ወይም እጅ እግሩን ከደነዘዘው፣ ከወረረው፣ ከዛለበት፣ በቀጥታ ወደ ሲቲ። እነዚህ ሳይኖሩ አንገቴን አመመኝ ካለ፣ የማጅራቱ አጥንት ሲነካ ካመመው፣ ፈዘዝ ካለ፣ ወይም ጭንቅላቱ አለዚያም ደረትና ሆዱ ክፉኛ ከተመታ፣ ተራ ራጅ። አንዱም ከሌለ ምንም አይነሣም። በዚህ ቢሠራ ሲቲ የሚነሡት ልጆች ከመቶ 17 ወደ 7 ይወርዳሉ። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ የእኛ ልጅ እንዴት ነበር?

አጎቴ፦ «ማጅራቴን፣ ማጅራቴን» ይል ነበር። ነገር ግን ያወራል፣ ብስኩት ይበላል። ሐኪሙ «ጣቴን ጨብጠኝ» ሲለው እስኪያመው ጨበጠው። እግሩንም አስገፋው።

እኔ፦ እንግዲያው የሚገባው ተራ ራጅ ነበር፤ ተነሣለት።

አጎቴ፦ ልጄ፣ ያ ደንብ የአሜሪካ ነው። እዚያ ማታ ቢብስበት አምቡላንስ ደጁ ላይ ነው። ከእኛ ማሳ አስፋልቱ ድረስ በሰው ትከሻ ነው የሚኬድ፤ ከአስፋልቱ በሐይቅ አድርገሽ ደሴ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪና ካገኘሽ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴ ሆስፒታል እንዴት እንደ ተዘረፈ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ዛሬ ያለ ማሽን ነገ ላይኖር ይችላል። ባገኘነው ቀን ሁሉንም ተነሥተን መገላገል አይሻለንም?

እኔ፦ ይህ ጥያቄ ከባድ ነው፤ እኛም ሥራ ቦታ እንከራከርበታለን። መልሴን ከ1888 ልጀምር።

አጎቴ፦ ከአድዋ? አሁን የእኔ ሜዳ ላይ ወጣሽ።

እኔ፦ በፈረንጅ ሲቆጠር ለሁለት ዓመት ስለሚከፈል አይታይም፤ በእኛ ሲቆጠር ግን አንድ ዓመት ነው። ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሮንትገን ጨረሩን አገኘ። የካቲት 23 አድዋ ሆነ። ከአድዋ ሁለት ወር አለፍ ብሎ ኔፕልስ ላይ ጁሴፔ አልቫሮ የሚባል ኢጣልያዊ የጦር ሐኪም፣ ከእኛ አገር ቆስለው የተመለሱ የሁለት ወታደሮችን ክንድ ራጅ አነሣ፤ ጥይቱ የት እንዳለ ሊያይ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ የዋለው ያኔ ነው መጀመሪያ።

አጎቴ፦ ወላሂ፣ ሠላሳ ዓመት አድዋን ሳስተምር ይህን የነገረኝ የለም! የእኛው ውል ያመጣው ጥይት ነዋ መጀመሪያ በራጅ የታየ።

እኔ፦ ለአልቫሮ ፊልሙ በቂው ነበር። ጥይት ብረት ነው፤ ወይ አለ ወይ የለም። የልጅ አንገት ላይ ግን ከአጥንቱ ይልቅ የሚያሳስበን ጅማቱና ሕብለ ሰረሰሩ ነው፤ ራጅ እነዚህን አያሳይም፤ ሲቲም ቢሆን አጥርቶ አያወጣቸውም። የጨቅላ ልጅ አከርካሪ ሳይበጠስ እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ሊሳብ ይችላል፤ ውስጡ ያለው ሕብለ ሰረሰር ግን ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ብዙ ሳያልፍ ይበጠሳል። ስለዚህ አንገቱ እንደ ጅራፍ ጫፍ ተወርውሮ፣ አጥንቱ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ውስጡ ተጎድቶ ሊቀር ይችላል። ፓንግና ዊልበርገር እ.ኤ.አ. በ1982 ከፒትስበርግ እንዲህ ያሉ ልጆችን ጻፉ፤ ፊልማቸው ንጹሕ፣ ሕብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ። ግማሽ ያህሉ ሽባነቱ የያዛቸው ወዲያው አልነበረም፤ እስከ አራት ቀን የቆየባቸው አሉ። አብዛኞቹ ግን አስቀድመው ለአፍታ ደንዝዟቸው ወይም ወርሯቸው ነበር።

አጎቴ፦ አራት ቀን!

እኔ፦ እንግዲህ አባትየው የበጉን ገንዘብ ከፍሎ ሲቲ አስነሣ እንበል። «ንጹሕ ነው» ተባለ፤ ፖስታውን ይዞ ውጫሌ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ማታ ልጁ «እጄን ወረረኝ» ቢል ማን ይሰማዋል? «ትልቁን ማሽን ተነሥቷል እኮ» ይባልና ይተኛል። ሁሉን ተነሥቶ መገላገል ያሉትን እዚህ ላይ ነው የምፈራው። ማሽኑ የሚናገረው ስለተነሣበት ደቂቃ ብቻ ነው።

አጎቴ፦ ታዲያ ሩቅ ያለ ሰው ምን ያድርግ?

እኔ፦ ይቆይ። በጉን ሸጦ ከሆነ በዚያ ገንዘብ ደሴ ዘመድ ቤት ሦስት አራት ቀን ይሰንብት። ጠዋትና ማታ ልጁን «ጣቴን ጨብጥ፣ እግርህን ግፋ፣ የሚወርርህ አለ ወይ» ይበለው። አንድ ነገር ካለ ሆስፒታሉ እዚያው ነው። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ኤምአርአይ ነው፤ ጅማቱንም ሕብለ ሰረሰሩንም የሚያሳይ እሱ ነው፤ የራጅ ጨረርም የለበትም። ግን እንደ ራጅ በየቦታው የሚገኝ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜም ሳይነቃነቁ መተኛት ይጠይቃል፤ ለትንሽ ልጅ ደግሞ ይህ ያለ ማስተኛ መድኃኒት አይሆንም። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገም እንደ ድሮው ውጭ አገር ማሰብ የለም። ጥቁር አንበሳ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ እዚሁ የሠለጠኑ አሉን።

አጎቴ፦ ... እኔ ያልነገርሁሽ አንድ ነገር አለ።

እኔ፦ ይንገሩኝ።

አጎቴ፦ ልጁ የወደቀ ዕለት መጀመሪያ የጠራነው ወጌሻ ነው። የጠራሁትም እኔ ነኝ። መጣ፤ እጁን ቅቤ ቀባ፤ «አንገቱ ዞሯል፣ ልመልሰው» አለ። «መልሰው» አልሁት። እናቱ ልጇ ላይ ተደፍታ አላስነካም አለች እንጂ እኔስ ፈቅጄ ነበር። «አታዋርጂን፣ እጁ ፈውስ ነው» ብዬ ተቆጥቻታለሁ። ፊልሙን ዓመት ሙሉ ያስቀመጥሁት ለዚያ ነው። ያ የመጀመሪያው ሰው ልክ ሆኖ፣ አጥንቱ በእርግጥ ወልቆ ቢሆን ኖሮ እያልሁ።

እኔ፦ አጎቴ፣ ማንም ያደርገዋል። ወጌሻው ስንት ክንድና ቁርጭምጭሚት ሲያሽ የኖረ ሰው ነው፤ ክንድ ሲያነብ ኖሮ አንገትንም እንደ ክንድ አነበበው። ብቻ አንገት አይታሽም፣ አይሳብም፣ አይዞርም። ተሰብሮ ሕብለ ሰረሰሩ ያልተነካን ልጅ ዕድሜ ልኩን ሽባ ለማድረግ አንዲት ማዞር ትበቃለች። የእናቱ አላስነካም ማለት ደሴ ከተደረገው ሁሉ በላይ ነው።

አጎቴ፦ ነገ የቅሬ ስብሰባ አለን። ቃሬዛው የእኛ ነው፤ ለሬሳም ለበሽተኛም እሱው ነው። ምን ልበላቸው?

እኔ፦ ጋቢዎን ያውሱኝ። ቃሬዛው ላይ ልጁን በጀርባው ስታስተኙት ምን የሚሆን ይመስልዎታል? ማጅራቱ ሰፊ፣ ጭንቅላቱ ትልቅ ስለሆነ አገጩ ወደ ደረቱ ይገፋል፤ ያ የተጎዳው አንገት መንገዱን ሙሉ ጎብጦ ይሄዳል። ትራስማ ጭራሽ ያብስበታል። ስለዚህ ጋቢውን እንዲህ አጥፋችሁ ከትከሻው እስከ መቀመጫው ድረስ ከሥሩ አንጥፉለት፤ ጭንቅላቱ ጋቢው ላይ አይደርስም።

አጎቴ፦ ውፍረቱ ስንት ይሁን?

እኔ፦ ሁለት ጣት ያህል። ጆሮው ከትከሻው ጋር ትክክል ሲሆን በቃ። ይህ ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ ነው፤ ለትልቅ ሰው አያስፈልግም። ከዚያ ሁለት ነጠላ ጠቅልላችሁ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ፤ አንድ ሰው ከራስጌው ሆኖ በሁለት እጁ ይያዝለት። ማዞር ካስፈለገ ራስና አካሉን እንደ አንድ አጠና እኩል። አንገቱ ተጠምዝዞ ከቆየና ማቅናት ካመመው ደግሞ እንዳለ ይሁን፤ አታቅኑት።

አጎቴ፦ በቃል ከሆነ ይጠፋል። መዝገቡን አምጪው፤ ልጻፈው። ... «ከማማ፣ ከዛፍ ወይም ከመኪና የወደቀ ልጅ ሲያጋጥም፣ አንገቱ በወጌሻ እንዳይነካ ማድረግና ከትከሻው ሥር ጋቢ አጥፎ ማንጠፍ ይቻላል።» ደኅና ነው?

እኔ፦ አጎቴ፣ «ይቻላል» ነው ያሉት?

አጎቴ፦ አዎ፣ ይቻ... አይ አንቺ ልጅ! እስክሪብቶውን ወዲህ በይኝ። «ይገባል»። ለነገው ሰብሳቢም ሁለት ንባብ እንዳላወርሰው።